በግና ሱፍ ፍለጋ በጳጉሜን ዝናብ፦ ከካራ እስከ ሸኖ

ሹራብ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። ሰፈራችን ውስጥ ሕፃን የተወለደበት ቤት ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ኮፍያ አይጠፋም። ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቷ ቪዲዮ ላከችላት። ሜሪላንድ ውስጥ በየዓመቱ፣ በፈረንጆቹ ሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ፣ የበግና የሱፍ ፌስቲቫል ይደረጋል። በግ በየዝርያው ይታያል። ተሸልቶ የመጣ ሱፍ በዳኞች ይመዘናል፣ ይሸለማል፣ ይሸጣል። ውሻ በግ ሲነዳ ይታያል። ጠጉሩን እዚያው ፈትለው፣ እዚያው ሸምነው የአንገት ልብስ የሚያወጡ ቡድኖች ይወዳደራሉ። በቪዲዮው ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ ሰዉ በጭቃው መሀል ቡናውን ይዞ ደስ ብሎት ይዞራል።

ጓደኛዬ ይህን አሳየችኝና "እኛ አገር በግ ጠፍቶ ነው?" አለች።

በግስ አልጠፋም። ፌስቲቫል የሚባል ነገር የለንም እንጂ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን መንገድ የወጣ ሰው ከበግ ሌላ ምንም አያይም። እኔ ለበዓሉ በግ ያስፈልገኛል። እሷ ያልተፈተለ የበግ ጠጉር ትፈልጋለች። ሰንዳፋ አክስት አሏት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውለን አጣራን፣ ከመሸ ላለመጓዝ ተማማልንና ወጣን።

አርብ፣ ነሐሴ 30፦ ካራ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ

ከመገናኛ ስንነሳ ካፊያ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ ክረምቱ ይሰክናል ይባላል፤ ለዘንድሮው ክረምት ግን ማንም የነገረው አይመስልም። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ጠፍቶ፣ የሁላችንም ትንፋሽ መስታወቱን አልብሶት ካራ ደረስን።

ካራ አዲስ አበባ በምሥራቅ በኩል የምታልቅበት፣ ትልቅ የቁም እንስሳት ገበያ ያለበት ቦታ ነው። በበዓል ሰሞን ገበያው ግቢ አይበቃውም፣ ወጥቶ መንገድ ዳር ይሰፍራል። ከመንዝና ከሰላሌ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ በጎች አንገት ላንገት ታስረው ቆመዋል። ነጩም ጥቁሩም ቡራቡሬውም አንድ የጭቃ መልክ ይዟል። ሻጮቹ ላስቲክ ደርበዋል፣ በጎቹ የደረቡት የለም። የሚንቀጠቀጡት ግን ሻጮቹ ናቸው።

እዚህ ልንገዛ አልመጣንም፤ ዋጋ ለማወቅ ነው። ደላላ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከሩቅ ይለያል፣ ቢሆንም ዕድሉን ይሞክራል።

"ወንድሜ፣ ና ዳብሰው! መዳበስ በነጻ ነው!"

"ስንት ነው?"

"አንተ ስንት ትላለህ?"

"አይ፣ አንተ ንገረኝ።"

"ላንተ 16።"

16 ሺህ ማለቱ ነው፣ ለዚያውም ለጠቦት። ሁለት እርምጃ አልፎ ያለው ተመሳሳዩን 14 አለን። ሙክቶቹ ከ25 ሺህ ይጀምራሉ፤ ቀንዱ የተጠቀለለ አንድ ነጭ ሙክት 38 ሺህ ተብሎ ሰው ከቦት ፎቶ ያነሳዋል። ጠይቀን ስንሄድ ከኋላችን አንዱ "ጃንጥላ ይዞ በግ ሊገዛ የመጣ!" ብሎ ጮኸ፣ ሰልፉ ሁሉ ሳቀብን። ተገቢ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ጓደኛዬ ዋጋው አላስጨነቃትም። የእያንዳንዱን በግ ጠጉር በጣቷ እየፈለቀቀች ታያለች። ባለቤቶቹ ቅማል የምትፈልግ መስሏቸው ተቆጡ። ወዲያው እኔንም ጠርታ ጣቴን አስገባችው። ላዩ ርሷል፣ ሥሩ ግን ደረቅና ሞቃት ነው። ጠጉሩ በተፈጥሮው ቅባት አለው፣ ላኖሊን ይባላል፤ ውሃው በላዩ ይንሸራተታል። ሱፍ ደግሞ የክብደቱን ሢሶ ያህል እርጥበት ይዞም ራሰ ራሰ አይልም፣ ብርድም ቶሎ አያስገባም። ይህን እያስረዳችኝ እያለ፣ መርካቶ "ውሃ የማያስገባ" ተብሎ የተሸጠልኝ ጃኬት እስከ ብብቴ አስገብቶ ጨርሷል።

ለገጣፎ መግቢያ ላይ ጎርፉ መንገዱን ሞልቶት መኪና ሁሉ ቆመ። እዚህ ላይ ነው ቀኑ ያለቀው። ጥቂት ባጃጆች ጎማቸው እስኪሰወር ገብተው እየተነፈሱ ወጡ፤ አንዷ መሀል ላይ ጠፍታ ተሳፋሪዎቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገፏት። ሹፌራችን "እኔ የመኪናው ባለቤት አይደለሁም፣ ሞተር ቢበላሽ ማን ይከፍለኛል?" ብሎ ሞተሩን አጠፋ። አንድ ልጅ በዚያ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቆሎ ይሸጣል። አንዱን ስፍር 10 ብር። ያን ዕለት ለገጣፎ ላይ ያተረፈ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ወርደን ምሳ በላን። ቀኑ አርብ ስለሆነ በየዓይነቱ፣ 180 ብር። ሽሮው ትኩስ ነበር፣ ሌላውን አላስታውስም፤ ሲበርድህ ትኩስ ሽሮ ካገኘህ ሌላውን ማየት ታቆማለህ።

ውሃው ሲጎድል ሌላ መኪና ይዘን ቀጠልን። ከለገጣፎ አለፍ ሲሉ ለገዳዲ ነው፤ የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከሚመጣባቸው ግድቦች አንዱ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት በመስኮት ወደዚያ አየት አድርገው "ይኸው ሁሉ ውሃ! እኛ ቤት ግን በሳምንት አንድ ቀን ሌሊት ነው የሚመጣው" አሉ። ሚኒባሱ በሙሉ የየሰፈሩን የውሃ ፈረቃ እየተናገረ ሰንዳፋ ደረስን።

ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በፖሊስ ዩኒቨርሲቲው፣ በድሮው ፖሊስ ኮሌጅ ነው። ከፍታዋ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱም ይህንኑ ይነግርሃል። ወደ አክስትየው ቤት የሚወስደውን የውስጥ መንገድ የባጃጁ ልጅ አየና "እዚህ ጭቃ ውስጥ? ለ500ም አልገባ" አለ። በእግር ገባን። ጓደኛዬ ቦት ጫማ አድርጋለች። እኔ ስኒከር። ስለ ስኒከሩ ብዙ ባልናገር ደስ ይለኛል።

እትዬ በር ላይ ጠበቁን። ሰላምታው ሳያልቅ ጫማችንን አስወለቁን፣ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አቀረቡ፣ "እግራችሁን ሳታሞቁ ወሬ የለም" አሉ። ከዚያ ቡና፣ የገብስ ቆሎ፣ የሽንብራ ቂጣ። መብራት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ስለጠፋ እሳቱ ዳር አመሸን። ስኒከሬ ምድጃው አጠገብ ተሰቅሎ አደረ፣ ጠዋት ላይ ጭስ ጭስ እየሸተተ ሊሰነጠቅ ደርሷል።

ማታ ለእኔ መደብ ላይ ተነጠፈልኝ፣ በላዩም ባና ተጣለልኝ። ባና በስም እንጂ በአካል አላውቀውም ነበር። ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። አንድ ጎረምሳ ላይህ ላይ የተኛ ያህል ይከብዳል፤ መገላበጥ ከፈለግህ አስቀድመህ ታስብበታለህ። እትዬ ሲያገቡ አባታቸው ከመንዝ ያመጡላቸው ነው። አርባ ዓመት አልፎታል። ጓደኛዬ ከወዲያኛው ክፍል በሹክሹክታ "ቁንጫ ይኖርበት ይሆን?" ስትል እትዬ ሰሟት። "ብትኖርም ክብደቱን አትችለውም ልጄ፣ ተኚ" አሉ።

ከባና ሥር የተኛሁት ላብ አጥምቆኝ ነው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አደረ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1፦ ሸኖ

የእትዬ ጎረቤት፣ በጉልምስናቸው በግ ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ፣ "ልጆቹ ብቻቸውን ከሄዱ ይበላሉ" ተብሎ አብረውን እንዲሄዱ ተላኩ። ጋሽዬ ጥቁር በርኖስ ለብሰው፣ ጫፉን ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ጃንጥላ አልያዙም።

ሰንዳፋን አልፈን አለልቱ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ከመንገዱ ሁለት ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጠፋ። ጉሙ ሲከፈት ገብስ፣ ባቄላ፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ ጉም። በመንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አበባ ፈንድቷል፣ በዚያ ግራጫ ቀን መብራት ያለው እሱ ብቻ ነበር። በየኬላው መታወቂያ አሳየን። ጋሽዬ የቀበሌ መታወቂያቸውን ከበርኖሱ ውስጥ ሲያወጡ ወረቀቱ ደረቅ ነው። የእኔን ፖሊሱ በሁለት ጣት ይዞ አራገፈው።

ሸኖ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ የሚጠራው በቅቤው ነው፤ አዲስ አበባ ሾላ ገበያ "የሸኖ ለጋ" ሲባል የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። እንደደረስን አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን ጨጨብሳ አዘዝን። ቅዳሜ ስለሆነ ቅቤ አለው። ቅቤው ሳህኑ ላይ ተኝቷል ብል ይቀለኛል። 130 ብር። እኛ ሰፈር 250 ከፍለህ ቅቤውን በማሽተት ነው የምታገኘው። ጋሽዬ ግን አልበሉም፤ የጳጉሜን ጾም ይዘዋል። ይህ ጾም የፈቃድ ነው፣ የሚጾመው ጥቂት ሰው ነው። እኛ ስንበላ እሳቸው ውሃም ሳይቀምሱ፣ በመስኮቱ በኩል የሚያልፉትን በጎች እያዩ ዋጋቸውን ይገምታሉ።

ገበያው ዳገት ላይ ነው፣ ዳገቱ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ደግሞ ጫማ ያስቀራል። ከታች ጋሪና ፈረስ፣ መሀል ላይ የቅቤ ሴቶች፣ ከላይ በግ። በብዛት የሚሰማው ኦሮምኛ ነው። "ሜቃ?" (ስንት ነው?) ብዬ ስጠይቅ ሻጩ በደስታ ረጅም መልስ ይሰጠኛል፤ ጋሽዬ ናቸው የሚተረጉሙልኝ።

በግ እንዴት እንደሚታይ ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔ ያየሁት ሰው ሁሉ በጉን ከመሬት አንስቶ ክብደቱን ይሞክራል። ጋሽዬ ሳቁ። "በዝናብ ቀን በግ አይነሣም። የምታነሳው ውሃውን ነው።" ጠጉር የያዘው ውሃና ጭቃ ብቻውን ኪሎዎች ይሆናል። እሳቸው እጃቸውን በጠጉሩ ውስጥ ሰደው የጀርባውን አጥንት ይዳብሳሉ። አጥንቱ ከቆረቆራቸው ያልፋሉ። ቀጥሎ ላቱን ከሥር በመዳፋቸው ይይዛሉ። ከዚያ ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን ያያሉ፤ ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርስ ካወጣ ዓመት አልፎታል። በመጨረሻ ሆዱን መታ መታ ያደርጋሉ። ክፉ ነጋዴ ለበጉ ጨው ያልሰውና ውሃ ያጠጣዋል፣ ሆዱ ተነፍቶ የሰባ ይመስላል፣ ቤትህ ስትደርስ ሸንቶ ይጨርሰዋል። አንዱን በግ እንዲህ መታ አድርገው "ይኸ ሐይቅ ነው" ብለው ተዉት።

የወደዱት ዳማ መልክ ያለው፣ አጠር ያለ፣ ላቱ ወፈር ያለ ጠቦት ሆነ። የመንዝ በግ ነው። ትንሽ ነው እንጂ ለብርድና ለድርቅ የማይበገር ዘር ነው። እኔ ነጭ ፈልጌ ነበር፣ ምክንያቱም እናቴ ለአዲስ ዓመት ነጭ ካልሆነ ፊቷ አይፈታም። ጋሽዬ "ነጩን ለፎቶ፣ ይኸን ለወጥ" አሉኝና ክርክሩ ተዘጋ።

ባለቤቱ 13 ሺህ አለ። ጋሽዬ 9። ደላላው የሁለቱን እጅ ይዞ እያጋጨ መሀል ላይ ይጮሃል። 12። 9 ተኩል። ባለቤቱ በጉን ይዞ ሊሄድ ዞረ። ጋሽዬም ዞሩ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ሁለቱም አምስት እርምጃ ሳይሄዱ ተመለሱ። 10 ሺህ 800 ላይ እጅ ተመታ። ገመዱን ሊሰጠን ሲል ጋሽዬ "ገመዱስ?" ብለው ጠየቁ፤ ለካ እሱም ድርድር አለው። ተመረቀልን። ለደላላው 200 ከፈልኩ። በካራ ዋጋ ቢያንስ 3 ሺህ ብር ተርፎኛል፤ የትራንስፖርቱንና የስኒከሩን ካላሰብን።

አሁን የጓደኛዬ ተራ ደረሰ። "ጠጉር የሚሸጥ አለ?" ብላ ስትጠይቅ ሰው ሳቀ። በጉን ሳይሆን ጠጉሩን ብቻ? አንዷ ቅቤ ሻጭ "ምን ልታደርጊበት ነው፣ ትራስ?" አለቻት። በመንገድ ዳር ያለው ገበሬ በጉን ከነጠጉሩ ይሸጣል፣ አዲስ አበባ ደርሶ ይታረዳል፣ ጠጉሩ ከቆዳው ጋር ይሄዳል። ሱፍን እንደ ሱፍ የሚያየው መንዝ ነው።

ከገበያው ጫፍ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር፣ ከመንዝ የመጣ ባና ሻጭ አገኘን። የደረደረው ሁሉ ከላስቲክ ሥር ነው። ባናው 4,500፣ ትንሽ ምንጣፍ 2,000፣ በርኖስ 7,000። ጓደኛዬ አጠገቡ ቁጭ አለች፣ ሰዓቱ ተረሳ። ሰውየው መጀመሪያ በአጭሩ ነበር የሚመልስላት፤ የሚገባት ሰው መሆኗን ሲያይ ጊዜ ወሬው ፈሰሰ። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔ ይሠራዋል። ከዚያ ነው ጉልበቱ የሚመጣው፦ የተሸመነው በፍል ውሃ እየራሰ በእግር ይረገጣል፣ ይረገጣል፣ እስኪሰበሰብና እስኪጠጥር ድረስ። ባና ነፋስ የማያሳልፈው ለዚህ ነው።

ከኋላው አንድ ጆንያ ያልተፈተለ ጠጉር ነበረው፤ ለምታውቅ ፈታይ ሊያደርስ የያዘው። ጓደኛዬ ግማሹን እንዲሸጥላት ለመነችው። ኪሎውን 150 ብር ሰጣት። ከውስጡ ለስለስ ያለ ነጭ ጠጉር ለይቶ አሳያት፣ "ይኸ የአዋሲ ድቅል ነው" አለ። አዋሲ ከእስራኤል መጥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል የኖረ ዝርያ ነው፤ የተፈለገው ሥጋውም ሱፉም እንዲሻሻል ነበር። ገበሬው ግን ለሱፉ የሚከፍለው ካላገኘ በግ የሚመርጠው በሌላ በሌላው ነው።

ልንነሳ ስንል በረዶ ወረደ። ተራ በረዶ አይደለም፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያክል፣ ራስ የሚያሳምም። ገበያተኛው ሁሉ ወደ ቅቤ ሴቶቹ ላስቲክ ሥር ሮጠ። የማላውቃቸው ሰዎች ትከሻዬ ላይ፣ እኔ የማላውቃት ሴት የቅቤ ሳፋ ላይ። ሳፋዋን በእግሬ እንዳልነካ በአንድ እግሬ ቆምኩ። ሴትየዋ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ፣ ከዚያ እግረ መንገዷን ቅቤ ልትሸጥልኝ ሞከረች። ኪሎውን 1,100 ብር። እንዲህ ተጠግተህ "አልፈልግም" ማለት ይከብዳል፣ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ጋሽዬ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ በርኖሳቸውን ደፍተው፣ የበጉን ገመድ ይዘው ቆመዋል። በጉም ቆሟል። ሁለቱም አልሮጡም። በረዶው ሲያባራ በርኖሱን አንድ ጊዜ አራገፉትና "እንሂድ?" አሉ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መኪና አይገኝም፣ ሹፌሮቹ በጨለማ መንዳት አይፈልጉም። ሳይመሽ ሰንዳፋ ገባን። በጉ ማጀት አደረ።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2፦ ወደ አዲስ አበባ

እትዬ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ የገብስ ገንፎ ሠሩልን። መሀሉ ላይ የትናንቱ ቅቤ ከነበርበሬው። እሳቸው ጾመኛ ናቸው፣ ቅቤውን በዓይናቸው ብቻ መዝነው "ጥሩ ነው፣ አልተጭበረበርክም" አሉኝ። ለጋሽዬ ለድካማቸው ብር ልሰጥ ብል ተቆጡኝ። ስኳርና ቡና ገዝቼ ለባለቤታቸው ሰጠሁና በዚያ አለፈ።

የሚኒባሱ ረዳት በጉን አየት አድርጎ "300፣ ከላይ" አለ።

"ጆንያውስ? ዝናብ እንዳይነካው።"

"ጆንያው በነጻ። ላስቲክ አለን፣ አታስቡ።"

በጉ ጣሪያ ላይ ታሰረ፣ ጆንያው አጠገቡ። ለገዳዲን ሳናልፍ ዝናቡ ያዘን። ትንሽ ቆይቶ በአንደኛው ክፍት መስኮት በኩል ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። እዚያ የተቀመጠው ሰው ፊቱን በእጁ ጠረገና ረዳቱን ጠራ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ዝናብ ነዋ።"

"ዝናብ ትኩስ ነው እንዴ?"

መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ገባው። ሰውየው ሸሚዙን እያየ ሲናደድ፣ ከኋላ አንዲት እናት "ለአዲስ ዓመት ገድ ነው ልጄ" ብለው ሊያጽናኑት ሞከሩ። እኔ ድምፄን አጥፍቼ የመንገዱን ዳር ሳይ ቆየሁ። ጓደኛዬ ሳቋን በሻርፗ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ሲወርድ ግን ሰውየው ራሱ ቀና ብሎ በጉን አየና "ስንት ገዛችሁት?" ብሎ ጠየቀን። 10 ሺህ 800 ስንለው ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ሸኖ ድረስ ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀን።

መገናኛ ደርሰን ጆንያው ሲወርድ ላስቲክ የሚባል ነገር የለም። ረዳቱ "ነፋስ ወስዶት ይሆናል" አለ። የታሰረበት ገመድ ግን አልነበረም። ለአንድ ሰው ቀላል የነበረው ጆንያ ለሁለት ሆነ። ራይድ ጠራን፤ መጣ፣ በጉን አየ፣ ሄደ። ቀጥሎ የመጣውም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ አንድ የድሮ ላዳ 700 ብር ጠይቆ ኋላ ወንበሩ ላይ ጆንያ አንጥፎ አስገባው።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3፦ ሩፋኤል

የሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው። ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያሉ ይዘላሉ። እናቶች ባልዲ ይደቅናሉ፣ ትንሽ ሊጡ ላይ ይጨምራሉ፣ ትንሽ ቤቱ ውስጥ ይረጫሉ። ሰሞኑን ስንረግመው የሰነበትነውን ዝናብ ያን ቀን ሰማይ እያየን ጠበቅነው፣ ከሰዓት በኋላ መጣ።

ጓደኛዬ በግቢዋ ያገኘችውን ባልዲ ሁሉ ደቅና ሱፏን በዚያ ውሃ አጠበችው። ከባድ ሥራ ነው፤ ከባድ የሚያደርገው ደግሞ ማሸት አለመቻልህ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ መዘፍዘፍ፣ በቀስታ ማውጣት። ሙቅ ውሃና ሳሙና ይዘህ ካሸኸው ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ይጠጥራል፣ ዳግም አይፈታም። የመንዞቹ እግር ሆን ብሎ የሚያደርገውን እሷ እንዳይሆን ትጠነቀቃለች። የመጀመሪያው ውሃ ጥቁር ቡና መስሎ ወጣ። ሁለተኛው ሻይ። ግቢው በጠቅላላ በረት በረት ሸተተ፣ የላይኛው ፎቅ ተከራይ መስኮቷን በኃይል ዘጋች። ሲደርቅ ክብደቱ ከግማሽ ብዙም አልበለጠም፤ የቀረው ጭቃና ቅባት ነበር።

ትንሽ ፈትላ አንገቷ ላይ አደረገችውና ወዲያው አነሳችው። ይኮሰኩሳል። የመንዝ ጠጉር ሸካራ ነው፣ እንደ ሜሪኖ በግ ያለ ቀጭን ጠጉር አይደለም። የሕፃን ኮፍያ አይወጣውም። አልከፋትም። "ሰውየው ባና የሚሠራው አውቆ ነው" አለችና ለምንጣፍ የሚሆን ክር መፍተል ጀመረች። የአዋሲውን ነጭ ለብቻው አስቀምጣዋለች፤ ከእሱ ምን እንደምትሠራ እስካሁን አልነገረችኝም።

መስከረም 1

በጉ ታረደ። እናቴ መልኩን አይታ ፊቷን አጥቁራ ነበር፤ ወጡን ቀምሳ ዝም አለች፣ እኔ እንደ ይሁንታ ቆጠርኩት።

ቆዳ ሰብሳቢው በሰፈራችን አለፈ። ድሮ "ቆዳ ያለው!" እያለ በር በር ይዞር ነበር፣ ሰዉም ለቆዳው ይደራደር ነበር። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ቆዳ መንገድ ላይ ተጥሎ ማየት የተለመደ ነው። የእኛን 20 ብር አለው። ጓደኛዬ ሰምታ ደወለች፦ "እንዳትሰጠው! በ50 እኔ እወስደዋለሁ።" ጠጉሩ እንዳለ አልፍታ አጎዛ ልታደርገው አስባለች።

ይህን የግቢያቸው ጥበቃ ሰማ። ጥበቃው ለጎረቤቱ ጥበቃ ነገረ። ከሰዓት በኋላ ቆዳዋን ይዤላት ስሄድ በሯ ላይ ሰባት ቆዳ ተደርድሯል፣ አንደኛው የፍየል ነው። ባለቤቶቹ ብር እየጠበቁ አጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል። አከራይዋ ስልክ ይዛ ከፎቅ ትወርዳለች። ቆዳ ቶሎ ጨው ካላገኘ ይበሰብሳል፣ ለአንዱ ኪሎ ያህል ጨው ይፈልጋል። የሰፈሩ ሱቅ ያለው የግማሽ ኪሎ እሽግ አዮዲን ጨው ብቻ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለውን በሙሉ ገዛን፣ ባለሱቁም ጨው ሊወደድ ነው ብሎ ለራሱ አንዱን እሽግ አስቀረ።